የዶኛ ብራውሊያ የቁም ተዝካር

ዶኛ ብራውሊያ ፌንጣ ትሸጣለች። በነጭ ሽንኩርት፣ በሎሚና በቃሪያ የተጠበሰ ፌንጣ፤ ደቃቁ በአንድ ቅርጫት፣ ደንደን ያለው በሌላ። የዋሃካ ከተማ ፌንጣ ሻጮች ገበያ ውስጥ ጎን ለጎን ተደርድረው ደንበኛ ሲሻሙ፣ እሷ ብቻ ሃላትላኮ ሰፈር፣ ከገዛ መስኮቷ ሥር በርጩማዋን አውጥታ ትቀመጣለች። ሃያ ዓመት ሙሉ እሷም የገበያ ሰው ነበረች። ከዚያ አንድ ቀን ቅርጫቷን ተሸክማ ወደ ቤቷ መጣች፤ በቃ፣ አልተመለሰችም። ለምን ሲሏት "ጉልበቴን ያመኛል" ትላለች። ውሸቷን ነው። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ግን ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዞ ደረጃ ይወጣል። ከመስኮቷ ሥር ያሰራት ስልክ ነው።

ስልኩ የድሮ ነው፣ ባለ ገመድ። ከመስኮቱ አጠገብ አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ከበርጩማዋ ተነስታ እጀታውን እስክትይዝ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ አምስት ጊዜ ሳይጮህ ትደርሳለች። ልጇ ኤልፌጎ በቃሉ የሚያውቀው ቁጥር ይሄ ብቻ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ገመዱን አስቆርጦ የኪስ ስልክ ሲይዝ፣ የስልክ ሠራተኛው መጥቶ "እማማ፣ ይሄ እኮ ሙዚየም ይገባል፤ ለምን አይቆረጥም?" ቢላት፣ "እጅህን ይቁረጠው!" ብላ ከነመሰላሉ አባረረችው። ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ስልኩ አላነሳባትም።

ኤልፌጎ አንድያ ልጇ ነው። አባቱ ዶን አቡንዲዮ የሰፈራችን የመጨረሻው ቆዳ ፋቂ ነበር፤ እጁ የቡና ቀለም እንደያዘ ተቀበረ። ልጁ የቆዳ ሽታ አልወድም ብሎ ሌላ ሥራ ያዘ፣ ተወው፤ ሌላ ያዘ፣ ከዚያም አባረሩት፤ በመጨረሻ የያዘውና ያልተወው መስካል መጠጣቱን ነው። ለአባቱ ሙት ዓመት ቅዳሴ ሰዉ ቤተ ክርስቲያን ተሰብስቦ ሳለ እየተንገዳገደ ገባ። የአባቱን የመፋቂያ ቢላ ለቆራሌው ሸጦ ጠጥቶበት ነበር። ዶኛ ብራውሊያ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እንዲህ አለችው፦

"ውጣልኝ! ሰው እስክትሆን ድረስ ድምፅህን እንዳልሰማ!"

ይህን ያላለች እናት የት አለች? እናት ጠዋት ትረግማለች፣ ማታ ሳህኑን ከድና ታስቀምጣለች። እሷም ከድና አስቀምጣ ነበር። ግን በሕይወቱ ሙሉ አንድ ቃሏን ሰምቶ የማያውቅ ልጅ፣ ያቺን ብቻ ሰማ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ከሳምንት በኋላ ወደ ሰሜን የሚሻገሩበት ድንበር አጠገብ እንዳዩት ሰዎች ነገሯት፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ወሬ አልመጣም። ቅርጫቷን ተሸክማ ከገበያ የመጣችው ያን ጊዜ ነው።

የግድግዳው ሥዕል የመጣው ኤልፌጎ በወጣ በስምንተኛው ዓመት ነው። ድሮ የቆዳ ፋቂ ሰፈር ነበርን፤ ሽታችን ከእኛ ቀድሞ ይደርስ ነበር። ኋላ ወንዛችን በአስፋልት ተሸፈነ፣ ፋቂዎቹ አለቁ፣ ግድግዳው ቀረ። ባዶ ግድግዳ ደግሞ ሠዓሊ አያጣም። ከዋና ከተማው ዳሚያን የሚባል ጢማም ወጣት ሁለት ረዳቶቹን አስከትሎ መጣና፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከማዶ ቆሞ ዶኛ ብራውሊያን ሲያያት ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ቀረባት።

"እናቴ፣ ፊትዎን ልሥለው።"

"ምን ሊያደርግልህ?"

"ይሄ ፊት እኮ ታሪክ ነው! ይሄ ፊት መሬቱን ነው የሚመስለው።"

"መሬት ትመስያለሽ ልትለኝ ነው ከዚያ ድረስ የመጣኸው? ከሠላሳ ዓመት በፊት ብትመጣ ሰው እመስልልህ ነበር። ሂድ፣ ገበያዬን አትዝጋ።"

ልጁ ግን የዋዛ አልነበረም፤ ሩብ ኪሎ ፌንጣ ገዝቶ እየቆረጠመ ቁጭ አለ። "ሁልጊዜ እዚህ ቦታ ላይ ነው የማገኝዎት። እንደ ዛፍ ሥር ሰደዋል። ይሄን ነው መሣል የምፈልገው። ፊትዎ ዓለምን ይዞራል፣ እናቴ።"

ዶኛ ብራውሊያ የፌንጣውን ማንኪያ አስቀመጠች። "ዓለምን ስትል፣ ወደ ሰሜንም ይሄዳል?"

"ሰሜንማ ቀድሞ ነው! እዚህ ከሚመጣው ቱሪስት ግማሹ ከዚያ አይደል? ሁሉም ፎቶ ያነሳዋል።"

 ቤት ገብታ የሠርጓን የወርቅ ጉትቻ አደረገች፤ ጸጉሯን በአረንጓዴ ሪባን ጎነጎነች፤ ኤልፌጎ ልጅ እያለ እየጎተተ የሚጫወትበት ሪባን ነው። ወጥታ ተቀመጠችና "በል፣ ሳልሞት ጨርስ" አለችው።

ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ፊቷ ከመንገዱ ማዶ፣ ሦስት ፎቅ በሚያህል ግድግዳ ላይ ወጣ፤ አንዲት ሽብሽብ አልቀረችም። ጉትቻው የመኪና ጎማ ያህላል። አላፊው ሁሉ አፉን ከፍቶ ያያል፤ እሷም በርጩማዋ ላይ ሆና አፏን ከፍታ ታያለች። በዘጠነኛው ቀን ግን ለዳሚያን ቢጫ ቀለም ተረፈው። የተረፈውን ምን ያድርገው? በራሷ ዙሪያ ሴምፓሱቺል የምንለውን አበባ አክሊል አድርጎ ዞረበት፤ ከአገጯ ሥር ደግሞ የበራ ሻማ አቆመ።

ያ አበባ እኛ ዘንድ የሙታን ነው። በሙታን ቀን ከመቃብር እስከ ቤት እየበተንነው ነፍሳቸው መንገዱን ታገኝበታለች። በዚያ አበባ የተከበበ ፎቶ የሞተ ሰው ፎቶ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። በቁሙ ያለን ሰው በእሱ መክበብ ሞትን ስም ጠርቶ እንደ መጋበዝ ነው። ኤልፌጎን ክርስትና ያነሳችው አበልጇ ሆቪታ ሥዕሉን እንዳየች የያዘችውን ዘንቢል ለቀቀችው።

"አበልጄ! ይሄ ልጅ ገደለሽ እኮ!"

"ቀለም ነው፣ ሆቪታ።"

"ቀለም? አበባው የማን አበባ ነው? ሻማው ለማን ነው የበራው? ጥሪውና ያጥፋው!"

"የዋና ከተማ ልጅ ነው፤ እነሱ አበባን እንደ ጨው ነው የሚነሰንሱት። ሞት ደግሞ ሥዕል አይቶ አይመጣም።"

"አንቺ እኮ ግትር ነሽ። በቅሎ ይሻልሻል።"

አጥፋልኝ ልትለው አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ቀለሙ አልቋል፣ ልጁ በማግሥቱ ሊሄድ ነው፤ አበባውን አጠፋለሁ ብሎ ፊቷን ቢያበላሸውስ? ፊቷ ከተበላሸ ኤልፌጎ በምን ይለያታል? እንዲህ አሰበችና ተወችው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ያን ዕለት ነው፤ የምታውቀው ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ዓመት ሳይሞላ የጫማ ጠጋኙ ሱቅ ተዘጋና ሊሳንድሮ የሚባል ሰው የማስታወሻ ዕቃ መሸጫ ከፈተበት። ዶኛ ብራውሊያ ቦርሳ ላይ፣ ዶኛ ብራውሊያ ኩባያ ላይ፣ ዶኛ ብራውሊያ ፍሪጅ ላይ በሚለጠፍ ማግኔት፣ ዶኛ ብራውሊያ በቢራ መክፈቻ። ከነአበባዋ፣ ከነሻማዋ። አንድ ቦርሳ ብቻ "ለርስዎ በነፃ" ብሎ ሰጣት፤ ትልቅ ውለታ የዋለላት ይመስል ደረቱን ነፍቶ።

"የገዛ ፊትሽን በስጦታ ሰጠሽ!" ብላ ሆቪታ ከሳቋ ጋር ታገለች። "አመስግኚዋ!"

"አመስግኜዋለሁ። አምስት ጨምርልኝ ብዬዋለሁ።"

"ለምንሽ?"

ወደ ሰሜን ለሚሻገሩት ነበር። የሚሄድ ሰው በሰማች ቁጥር፣ የማን ልጅ ነው ሳትል፣ ቦርሳ ታሲዘዋለች። "ስንቅህን ክተትበት። ስትደርስ ደግሞ አትጣለው፤ ያዘው፣ ሰው ይይልህ" ትላለች። አንዳንዱ ያሾፍባታል፤ አንዳንዱ እግዜር ይስጥልኝ ይላል። ፊቷን እንደ ዘር በየበረሃው በተነችው።

አስጎብኚዎቹ የመጡት ቀጥለው ነው። ጃንጥላ ከፍ አድርጎ ከፊት የሚሄደው አንዱ፣ ሃያ ቱሪስት ግድግዳው ሥር አቁሞ ሲያስረዳ ሰማችው።

"ይህቺ የሰፈሩ የመጨረሻዋ ፌንጣ ሻጭ ነበረች። በዘጠና ሦስት ዓመቷ፣ ቅርጫቷን እንዳቀፈች፣ እዚሁ ማዕዘን ላይ ዓረፈች።"

"ስልሳ ስምንት ነኝ!" ብላ ዶኛ ብራውሊያ ከማዶ ጮኸች። "ደግሞ አላረፍኩም! ማን አሳረፈኝና!"

ቱሪስቶቹ ዞሩ። አስጎብኚው ሳይደነግጥ ፈገግ አለ፤ "እሷ ደግሞ ታናሽ እህቷ ናት፤ ሐዘኑ ትንሽ ነካ አድርጓታል" አላቸው። ሰዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡላት። አንዷማ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ግማሽ ኪሎ ፌንጣ ገዛች፤ ግን አልበላችውም፤ ወስዳ ሥዕሉ ሥር አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲያ ሻማ መጣ፤ ዳቦ መጣ፤ የወረቀት አበባ መጣ። የቁም ተዝካር ሲባል እንሰማ ነበር፤ በዓይናችን ያየነው እሷ ላይ ነው። እኛም ከመሳቅ በቀር ምን አደረግን? ምንም።

እሷ ግን የምትቆጣው ላፍታ ነው። "ይዙሩበት" ትላለች ለሆቪታ። "በሞቴም ይነግዱ፣ በትዳሬም ይነግዱ። ብቻ አንዲቷ ቦርሳ እሱ ጋ ትድረስ።"

ደረሰች።

ባለፈው ዓመት፣ የሙታን ቀን ሊብት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ሰው ማዕዘኑ ላይ መጥቶ ቆመ። አርባ ግድም ይሆነዋል፤ የሰሜን ጫማ ተጫምቷል፣ ሻንጣ ግን የለውም፤ ፖሊስ በድንበር ገፍቶ የመለሰው ሰው መሆኑ ያስታውቃል። በአንድ እጁ ሻማ፣ በሌላው በወረቀት የተጠቀለለ የሙታን ዳቦ ይዟል። ጀርባውን ለዶኛ ብራውሊያ ሰጥቶ ግድግዳውን ሽቅብ ሲያይ ቆየ፤ ኮፍያውን አወለቀ፤ አማተበ።

"እዚያ ጋ አታብራው፣ ንፋሱ ያጠፋብሃል" አለችው። ለምዳዋለች። "ወደ ጥጉ አድርገው። ይልቅ ና፣ ፌንጣ ቅመስ፤ የሞተችው ትታገሥሃለች።"

ሰውዬው ዞረ። እሷን አየ፤ ግድግዳውን አየ፤ መልሶ እሷን አየ። ዳቦው ከእጁ ወደቀ።

"እመቤቴ ጓዳሉፔ!"

"ምን ሆንክ? ተቀመጥ፣ ተቀመጥ። እህቷ ነኝ እንዳልልህ እህት የለኝም።"

"እርስዎ... ዶኛ ብራውሊያ ነዎት? የኤልፌጎ እናት?"

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያንን ስም ከሰው አፍ አልሰማችም ነበር። ከበርጩማዋ መነሳቷን ራሷም አላወቀችም። የሰውዬውን ሸሚዝ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች።

"የት ነው ያለው? በሕይወት አለ? ተናገር!"

"አለ፣ አለ። ደኅና ነው። እኔ ፊሌሞን እባላለሁ፤ ሰሜን፣ ፍሬስኖ የሚባል ከተማ፣ አንድ ቤት ነበር የምንኖረው። አደራ ብሎኝ ነው፤ 'አገር ከገባህ እናቴ ግድግዳ ሥር ሻማ አብራልኝ' ብሎኝ።"

"ለማን ነው ሻማው?"

ፊሌሞን አንገቱን ወደ ኋላ አዞረ። በዓይኑ ግድግዳውን አሳያት፤ አበባውን።

ከዚያ ቁጭ ብሎ ነገራት፤ እሷም ሸሚዙን ሳትለቅ ሰማችው። ኤልፌጎ መጠጥ ካቆመ ሰባት ዓመት ሆኖታል። የጣሪያ ሥራ ተማረ፤ የራሱን መኪና ገዛ፤ በሥሩ አምስት ሰው አሠራ። ስልኩን እያነሳ ያስቀምጠው ነበር። "ገና ነኝ" ይላል፤ "ሰው ስሆን" ይላል። መኪናው በስሙ ሲዞርለት ግን "አሁን ይበቃል፤ በስሟ ቀን፣ ስሟን በወሰደችበት ቅዱስ በዓል፣ እደውልላታለሁ" አለ። ለስሟ ቀን ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት ተቀምጦ፣ አንዲት ሴት ትከሻ ላይ ቦርሳ አየ።

"ያን ቀን ሥራ አልገባም" አለ ፊሌሞን። "ሴትየዋን ለምኖ በራሱ ጃኬት ለወጣት። ደውልና አጣራ አልኩት። 'ማን ያነሳዋል? ብቻዋን ነበረች እኮ' አለኝ። እኔም ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ አነበብኩለት፤ በዘጠና ሦስት ዓመቷ ያረፈች ይላል።"

"ዘጠና ሦስት! የገዛ እናቱን ዕድሜ አያውቅም?"

"አልኩት! 'ፈረንጆቹ ናቸው የተሳሳቱት፤ ዕድሜ ይስታሉ፤ አበባው ግን አይስትም' አለኝ። አበባውን እያየ ማን ይጠራጠራል፣ እማማ? እኔስ ብሆን?"

ዶኛ ብራውሊያ ሸሚዙን ለቀቀችው።

"ከዚያስ?"

"ቦርሳዋን ግድግዳ ላይ ሰቀላት። የሙታን ቀን ሲመጣ ዳቦ፣ ሻማ፣ አንድ ሰሃን ፌንጣ። ሁለት ዓመት እንዲሁ አደረገ። ፊት ለፊቷ ቁጭ ብሎ ያወራል፤ የሠራውን፣ የበላውን፣ ስለ አባቱ ቢላ... ይቅርታ ሲጠይቅ ይውላል።"

"አሥራ አንድ ዓመት ለጆሮዬ ቃል የጠፋው፣ ለቦርሳ አወራ!" አለች። ሳቀች፤ ሳቁ ግን ሰው የሚያስደነግጥ ነበር። "ቁጥሩን ስጠኝ። በል ስጠኝ፣ እኔ ልደውልለት።"

ፊሌሞን ኮፍያውን በእጁ ያሽ ጀመር። "የለኝም፣ እማማ። ሲይዙኝ ስልኬን ወሰዱት። እሱ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ለቆ ሄዷል። መኪናውን ሸጦ ወደ ላይ፣ ወደ ካናዳው ድንበር፣ ለፖም ለቀማ ነው ያሉኝ። 'ሰው ሆኜ ለማን ላሳይ?' እያለ ነበር።"

ያን ዕለት ፌንጣው ደጅ ላይ ተረስቶ ውሎ ርግብ ጠገበበት።

በማግሥቱ ጠዋት ዶኛ ብራውሊያ አንድ ባልዲ ኖራ በጠበጠች። ረጅሙን መጥረጊያ ነክራ ግድግዳውን ተያያዘችው። ግን አጭር ሴት ናት፤ ሥዕሉ ደግሞ ሦስት ፎቅ ነው። መጥረጊያዋ የደረሰው ሻማው ግማሽ ድረስ ነው። አበባው ከላይ ሆኖ ያያታል። እየዘለለች፣ ኖራው ፊቷ ላይ እየተንጠባጠበ፣ እየተሳደበች ስትታገል ሊሳንድሮ ከሱቁ በርሮ ወጣ።

"ምን እያደረጉ ነው? የሰፈሩን እንጀራ እየገደሉ እኮ ነው!"

"እኔ ስገደል የት ነበርክ?"

ፖሊስ ተጠራ። የመጣው ሰፈር ያሳደገው ልጅ ነው፤ መጥረጊያዋን በትሕትና ተቀበላት። "እናቴ፣ ይሄ እኮ በማዘጋጃ ቤት ተመዝግቧል። አይነካም። እኔን ነው የሚያስጠይቁኝ።"

"ፊቱ የኔ ነው።"

"ፊቱ የርስዎ ነው። ግድግዳው የሰው ነው።"

ሆቪታ ክንዷን ደግፋ ወደ ቤት ልታስገባት ብትሞክር እጇን ነጥቃ ወደ ቅርጫቶቿ ሄደች፤ ለማንደጃ ከምታስቀምጠው ከሰል አንድ ትልቅ ጉማጅ አነሳች። ባጠፋችው ሻማ ላይ፣ ገና ባልደረቀው ኖራ፣ ክንዷ እስከቻለው ድረስ በትልልቁ ጻፈች፦ "አልሞትኩም። ኤልፌጎ፣ ደውል።" ከሥሩም ቁጥሩን። ፖሊሱ አንብቦ ፊቱን አዞረ፤ ሊያጠፋው አልጨከነም። ያጥፋው የሚል ሌላም አልመጣም፤ ሊሳንድሮ ራሱ በሁለተኛው ቀን ሐሳቡን ቀይሯልና። ቱሪስቱ ከፊቷ ይልቅ ጽሑፏን ፎቶ ማንሳት ጀምሮ ነበር። "ይሄማ ይበልጣል!" አለ። በሳምንቱ አዲሱ ቦርሳ ወጣ፤ ከነጽሑፉ፣ ከነቁጥሩ።

ያኔ ስልኩ ጮኸ።

ዶኛ ብራውሊያ ከበርጩማዋ ስትነሳ ቅርጫቱ ተገለበጠ፤ ፌንጣው መንገዱ ላይ ተዘራ። አሥራ ሁለቱን እርምጃ በስንት እንደዘለለችው እንጃ።

"ኤልፌጎ! ልጄ!"

በወዲያኛው ጫፍ የሚስቁ ሴቶች ነበሩ። "ወይኔ፣ እውነተኛ ቁጥር ነው! እማማ፣ እውነት አልሞቱም?"

ከዚያ ስልኩ ማቆሚያ አጣ። ከጓዳላሃራ ይደውላሉ፤ ከስፔን ይደውላሉ፤ በማታውቀው ቋንቋ ይደውላሉ። አንዱ ይዘፍንላታል፤ አንዱ "ኤልፌጎ ነኝ" ይልና ጓደኞቹ ከኋላ ሲንከተከቱ ይሰማል። ያቺ የመጨረሻዋ ቀልድ እንኳ ባትኖር ምን ነበር! አሥራ አንድ ዓመት አንድ ጊዜ ጩኽልኝ ብላ የለመነችው ስልክ በቀን ሠላሳ፣ አርባ ጊዜ ይጮሃል። ፌንጣ መሸጥ ተወች፤ በርጩማዋን ወደ ውስጥ አስገብታ ከጠረጴዛዋ አጠገብ ተቀመጠች።

"ገመዱን ንቀይው" አለቻት ሆቪታ። "ሊጨርሱሽ ነው።"

"ብነቅለውና ያኔ ቢደውልስ?"

"እንግዲያ ቁጥሩን ከግድግዳው አጥፊው።"

"አጥፍቼውና ያኔ ቢያየውስ?"

ሆቪታ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድታ ከስልኩ አጠገብ አስቀመጠችላት። 

በፋሲካ ሰሞን፣ ሰፈሩ በቱሪስት ተጨናንቆ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሃምሳ ጊዜ ያህል አንስታለች። "ኤልፌጎ ነኝ" ያላት ብቻ ሦስት ሰው ነው። ጉሮሮዋ ደርቋል፤ ጆሮዋ ያማታል። ስልኩ እንደገና ጮኸ። አነሳችው። ማንም አይናገርም፤ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። የሚያሾፉት አንዳንዴ እንዲህ ነው የሚጀምሩት። የተጠራቀመው ሁሉ ባንዴ ወጣ።

"ውጣልኝ!" ብላ ጮኸች። "ከእንግዲህ ድምፅህን እንዳልሰማ!"

ከአፏ ሲወጣ ሰማችው፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ያለችው ያው ቃል ነበር። ትንፋሹ ቆመ። ሳቅ አልተሰማም፤ ከኋላ የሚንከተከት ጓደኛ አልነበረም። የሆነ ሰው፣ ወንድ ይመስላል፣ ምራቁን ሲውጥ ሰማች። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

"አይ! አይ! ቆይ ልጄ፣ ቆይ!" አለች። ቀፎውን ሁለት እጇ ውስጥ አድርጋ፣ ለተዘጋው መስመር ብዙ አወራች። ያ ስልክ ማን እንደደወለ የሚያሳይ ስልክ አይደለም፤ የድሮ ነው።

እሱ ይሁን፣ አንድ ዓይን አፋር ቱሪስት ይሁን፣ ማንም አያውቅም። ሆቪታ "አይደለም፣ አበልጄ፣ ለእናቱማ ይናገር ነበር" ትላታለች። ዶኛ ብራውሊያ እጀታውን አንስታ መስመሩ መኖሩን ታዳምጣለች። ያ ልጅ ያንን ትእዛዝ እንዴት እንደሚያከብር ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

አሁን በመስኮቷ ሥር ስናልፍ እንሰማታለን። ስልኩ ይጮሃል፤ ታነሳዋለች። ማንም ይሁን ማን አትቆጣም፤ ቢስቁባትም፣ ቢዘፍኑባትም፣ ዝም ቢሏትም ቃሏ አንድ ነው።

"አለሁ፣ ልጄ። እየሰማሁህ ነው።"